ከበረደህ ውረድ

ኤስኪልስቱና፣ ስዊድን
ጁን 11 ቀን 1972

ለተወደድሽው አክስቴ ሳይሚ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ለአንቺም፣ ለላማችን ለማንሲኪም፣ ዘንድሮ ለወለደችው ጥጃም ይሁን። እኔ የወንድምሽ ልጅ ደህና ነኝ። ሰውነቴ ባይወፍርም ልቤ ወፍሯል። ለምን መሰለሽ? ከመጋዘን ጠረጋ አውጥተው ወደ ብረት ማቅለጫው ምድጃ አዛወሩኝ። እድገት ነው አክስቴ! ሥራው በቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ በረጅም መንጠቆ መግፈፍ ነው። አንቺ የዓሣ ሾርባ ላይ አረፋ እንደምትገፍፊው ማለት ነው፤ የዚህኛው ሾርባ ግን ፊት ይጠብሳል። የምንለብሰውም ወፍራም የሱፍ ካፖርትና የቆዳ ሽርጥ ነው፤ ያለዚያ ብልጭታው ይበሳናል።

ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ አለ። እኛ ፊንላንዳውያኑ “ላይኛው መደብ” ብለነዋል፣ በእንፋሎት መታጠቢያችን፣ በሳውናው፣ ከሁሉ በላይ በሚሞቀው መቀመጫ ስም። ስዊድኖቹ ጥቂት ቆመው ይወርዳሉ። እኛ ጋ ግን እንደ አገራችን ነው፤ ቀድሞ የወረደ ሲሳቅበት ይውላል። ኦላቪ የሚባል የካያኒ ሰው አብሮኝ ይሠራል፣ ምላሱ ምላጭ ነው። ትናንት አንዱ ቶሎ ቢወርድ፣ “ምነው፣ እናትህ ጠራችህ እንዴ?” ብሎ መግቢያ አሳጣው። እኔን እስካሁን አላገኘኝም። “እኔን በአራት ዓመቴ ላይኛው መደብ ላይ ያስቀመጠችኝ ሳይሚ ናት፣ አትልፋ” ብዬዋለሁ።

የሚያስቀን ደግሞ የፈረቃ አለቃችን ነው። ሴደርሉንድ ይባላል፣ ሽበታም ስዊድናዊ ነው። እኛ ቋንቋውን አንችል፣ እሱም የእኛን አይችል። ከመደቡ ሥር መጥቶ ይቆምና ክንዱን በእጁ እያሻሸ “ካል? ካል?” ይለናል። ኦላቪም፣ “ካልያ ካለህማ አምጣው! ጠላ ማን እንቢ ይላል!” ይለዋል። ሰውዬው ሲጠራ ይውላል እንጂ ጠላውን አምጥቶ አያውቅም። ስሙን “ጠላው” ብለነዋል።

ማደሪያችን ምድር ቤት ውስጥ ሳውና አለ፣ ከሥራ ስንመለስ እዚያ እንገባለን። ግን በሙቀቱ ውስጥ ገላችንን የምንመታበት ቅጠል የለንም። እባክሽ ከሐይቁ ዳር የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ አንድ እስር ላኪልኝ። ለሣር አጨዳው በጁላይ እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው።

እጅሽን እየሳምኩ፣
ራይሞ


ኑርሜስ፣ ፊንላንድ
ጁን 19 ቀን 1972

ለልጄ ለራይሞ፣

ስትወጣ የሚጠብቅህ፣ ስትገባ የሚቀበልህ ጌታ አብሮህ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጥጃዋ እንደ አንተ ናት፣ አጥር ባየች ቁጥር ትዘላለች። እዚህም ዘንድሮ ፀሐዩ ከሮብናል፤ የሐይቁ ውሃ ሸሽቶ ልብስ የማጥብበት ድንጋይ ደረቅ ላይ ቀርቷል።

ቅጠሉን አስሬ ለፖስታ ቤት ሠራተኛዋ ለሄልጋ ሰጥቻታለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትልከዋለች። አሽትታው፣ “ይሄስ ዮሐንስ ዮሐንስ ይላል” አለችኝ። በበጋው አጋማሽ የሚውለውን የዮሐንስ በዓል በእርሱ አሳልፍ።

ስለ እድገትህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። በእኔ ሳውና ውስጥም ሳቅ ነበረ፣ ቀድሞ የወረደም ይሳቅበት ነበር። በሩ ላይ ግን እኔ ነበርኩ። ለስንቱ እንጨት ቆራጭ እዚያ ሙቀት ውስጥ ዋግምት ሳግም ኖሬያለሁ፤ ሰው ሲሞቀው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ሁልጊዜ የምጠይቃችሁን አትረሳውም መቼም። እዚያስ ማን ይጠይቅሃል? ይሄን ጻፍልኝ።

ስትመጣ ለሳውናው የመዳብ ጭልፋ አምጣልኝ። የእኔው እጀታው ተሰብሮ ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ ሳፈስ እንፋሎቱ ጣቴን እያቃጠለኝ ነው።

አክስትህ ሳይሚ


ኤስኪልስቱና
ጁላይ 2 ቀን 1972

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይጥፋ። መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፣ ሥራው ነው። ቅጠሉ ደርሶኛል። ለዮሐንስ በዓል ማደሪያው በሙሉ በእሱ ተመታ። ኦላቪ ፊቱን ቀብሮበት ብዙ ቆየና “ላብ ነው” አለን፤ እያለቀሰ ነበር።

ከበዓሉ እረፍት ስንመለስ ምድጃው የረሳን መሰለ፣ እንደ አዲስ ለበለበን። ከዚያ ወዲህ ራሴን እየወቀረኝ ነው፤ ኦላቪ የስዊድን ቢራ ነው ይላል። ስተኛ ደግሞ ባቴ ብቻውን ተነስቶ ፖልካ ይጨፍራል፣ በእጄ ጨምድጄ ይዤ ነው የማስተኛው። ሽንቴማ ከአንቺ ካልያ ጠቁሯል፣ በርሜል ቢገኝ መጥመቅ ነበር! የምግብ ቤቱ ሥጋ ሽታ ስለሚያጥወለውለኝ ድርሻዬን ለኦላቪ እሰጠዋለሁ፤ እንደ አሳማ እየወፈረልሽ ነው።

ጠላው አሁን አዲስ ነገር አመጣ። ከመደቡ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አስቀመጠ። አንዱ ቀምሶ ተፋው፣ ጨው አለበት! ለከብት ነው እንዴ? የጠጣ የለም። መቼም ከላይኛው መደብ ውሃ ለመጠጣት የወረደ ሰው ኦላቪ አፍ ውስጥ ከመግባት አይድንም።

ማን ይጠይቅሃል ላልሽው፣ ማንም አይጠይቀኝም። እዚህ ያለው ወንድ ነው አክስቴ።

አንድ የሚከፋሽ ወሬ አለኝ። ስዊድኖቹ በጁላይ ለእረፍት ይበተናሉ፣ ምድጃው ግን አይጠፋም። የቀረነው ፈረቃ ደርበን እንድንሠራ ጠየቁን፣ እኔም እሺ አልኩ። ለአጨዳው አልደርስልሽም። በኦገስት ጭልፋሽን ይዤ እመጣለሁ።

ራይሞ


ኑርሜስ
ጁላይ 9 ቀን 1972

ራይሞ ልጄ፣

በእሳቱ መካከል ሦስቱን ብላቴኖች የጠበቀ ጌታ አንተንም ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ለሄልጋ ሳነብላት ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ራስህን የሚወቅርህ ቢራው ብቻ አይደለም። ባትህ የሚጨፍረው ጨውህ በላብ ስላለቀ ነው። ሽንትህ የጠቆረው ውሃ ስላጣህ ነው፣ ነጣ ያለ እስኪሆን ድረስ ጠጣ። ምግብ ያጥወለወለህም ሆድህ ታሞ አይደለም፤ ሰውነትህ ሙቀቱ አልቻል ብሎት አቤት እያለ ነው። አራቱንም በቀልድ ጠቅልለህ ላክህልኝ። እኔ ያሳደግኩህ ሴት ነኝ፣ መቼ እንደምትቀልድ አውቃለሁ።

አሁን ስማኝ። ሳይጠማህ ጠጣ፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ። አሬራ ከተገኘ ጨው ጣል አድርግበት። አንገትህንና የእጅ አንጓህን ቀዝቃዛ ውሃ አስነካው። ሳትደክም ውረድ፣ ከደከምክ በኋላማ መውረጃውንም አታውቀውም። ከእረፍት ስትመለስ ሰውነት ሙቀቱን ስለሚረሳ በአንዴ አትድፈረው፤ እኔ ክረምቱን ሳውና ያልገባን ሰው ላይኛው መደብ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ራስህ ከዞረ ጥላ ፈልገህ በጀርባህ ተኛና እግርህን ከፍ አድርገው። ከሥራ መልስ ሳውና የሚባል ነገር ደግሞ ይቅር። ቀኑን ሙሉ በእሳት የተጠበሰ ሰው ማታ ተመልሶ እሳት ውስጥ ሲገባ እኛ ብቻ ነን፣ በዓለም ላይ ሌላ ሕዝብ አያደርገውም። ቅጠሉን በመላኬ ተቆጭቻለሁ። ግድግዳ ላይ ስቀለውና አሽትተው፣ ይበቃሃል።

ያ ጠላው የምትሉት ሰውዬ ውሃ ውስጥ ጨው የሚጨምር ከሆነ ሞኝ አይደለም። ባልዲውን ጠጡለት።

ሣሩን ጎረቤት ያጭድልኛል፣ አታስብ። ጭልፋውንም ተወው። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ፣ ጠጥቻለሁ በለኝ።

ሳይሚ


ኤስኪልስቱና
ጁላይ 12 ቀን 1972

ለአክስቴ ሳይሚ፣

ሰላም ነው? ከአንቺ ደብዳቤ አልደረሰኝም። እኔ ግን ሳላድር የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ ትኮሪያለሽ።

ዛሬ ላይኛው መደብ ላይ ቆሜ በረደኝ። እውነቴን ነው! ምድጃው ተከፍቶ፣ ብረቱ እየተንተከተከ፣ እኔን ብርድ ወረረኝ። የክንዴ ፀጉር ቆመ፣ ቆዳዬ የተነጨ ዶሮ መሰለ። ላቤም ቀርቷል፣ ሸሚዜ ደረቅ ነው። ኦላቪ አየና፣ “በቃ፣ አሁን ጌታ ሆንክ! ሰይጣንም ሲኦል ሲለምድ መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል” አለኝ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። አንቺ በሳውናው በር ብቅ ብለሽ “በረደህ?” ስትዪን የምታሾፊብን ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚበርደው ጀግናው ነው!

ጠላው ግን ቀናብኝ መሰለኝ፣ እየሮጠ መጥቶ “ካል! ካል!” እያለ በካፖርቴ ጎትቶ ሊያወርደኝ ታገለኝ። ገፈተርኩት። በኋላ አዘንኩለት፣ ሽማግሌ ነው።

ለማንሲኪ ሰላም በይልኝ። ጽሑፌ ቢጣመም እጄ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፣ መንጠቆው ከባድ ነው። ነገም ፈረቃ እደርባለሁ። ለማንሲኪ ሰላም በይልኝ።

ራይሞ


ኑርሜስ
ጁላይ 18 ቀን 1972

ራይሞ፣

ሰላምታውን ዛሬ እዘለዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ደብዳቤህን አሁን ፖስታ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ለላሚቱ ሁለት ጊዜ ሰላም ብለሃል። መስመርህ እየተንሸራተተ ከወረቀቱ ወድቋል። ቁጣው ካስቀየመህ ተቀየመኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ሄልጋ የቫሳ ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በስዊድንኛ ነው። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ጠየቅኳት።

“ሄልጋ፣ ካል ማለት በእናንተ ምንድን ነው?”

“ካል?” አለች ቴምብር እያራሰች። “ካልማ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ።”

“ሰው ክንዱን እያሻሸ ካል? ካል? ቢልሽስ?”

“በረደሽ ወይ ማለቱ ነዋ። በዚህ ሐሩር ማን ነው እንዲህ ያለሽ?”

ከኋላዬ ባገኘሁት ነገር ላይ ዘፍ አልኩ፤ የጥቅል መመዘኛው ኖሯል። ሄልጋ ፊቴን ሳታይ፣ “ሳይሚ ተነሺ፣ አንቺን ለመላክ ያለኝ ቴምብር አይበቃም” አለች። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ሮጣ ውሃ አመጣችልኝ።

ገባህ ልጄ? ሰውዬው ጠላ ጋብዟችሁ አያውቅም። በረደህ ወይ ነው የሚልህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የምጠይቅህን፣ ያንኑ ቃል፣ እሱ ከመደቡ ሥር ቆሞ ይጠይቅሃል። እናንተ ትስቁበታላችሁ። ማንም አይጠይቀኝም ብለህ ጻፍክልኝ፤ ስትጠየቅ ነው የከረምከው።

እኔ በልጅነትህ “በረደህ?” ስልህ አላሾፍኩብህም። እሳት ፊት ያለ ሰው ሲበርደው ሰውነቱ ተሸንፏል ማለት ነው። ላቡ ሲቀርማ ከዚያም ይብሳል። አንድ ግንድ በወንዝ እያንሳፈፈ የሚነዳ ሠራተኛ፣ በር የሚያህል ሰው፣ እኔው ሳውና ውስጥ “በረደኝ” ብሎ ሲስቅ አይቻለሁ። ጎትተን አወረድነው። የገዛ ስሙን እስኪያስታውስ ብዙ ቆየን፣ ከዚያ ወዲያም እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው በሩ ላይ የምቆመው።

ደብዳቤ እስኪደርስ ልቤ አልችል ስላለኝ ቴሌግራም አስልኬልሃለሁ። ሄልጋ “አሳጥሪው” አለችኝ፣ “ከበረደህ ውረድ” በዪ አልኳት። “በዚህ ፀሐይ? አበደች ይሉሻል እኮ!” አለች። ይበሉኝ።

ሰውዬው ሲጠይቅህ መልስለት። “ያ፣ ካል” በለው። አዎ፣ በርዶኛል ማለት ነው። ሄልጋ ናት ያስጠናችኝ፤ እዚህ ብቻዬን ከላሚቱ ጋር እለማመደዋለሁ። ጓደኛህም ሲበርደው ካየህ፣ ወይ ንግግሩ ከተምታታበት፣ አትጠይቀው፣ አውርደው። ያን ጊዜ እሱ አያውቅም፣ ይጣላሃል። ልብሱን አውልቅለት፣ ውሃ አልብሰው፣ አራግብለት። ራሱን ካላወቀ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳታፈስ።

ውረድ ራይሞ። ይሳቁብህ። አባትህ ሞቶ እናትህ አንተን እኔ ደጅ ስታስቀምጥ የሰጠችኝ አንተን ብቻ ነው፣ ሌላ የለኝም።

ሳይሚ


ኑርሜስ
ጁላይ 28 ቀን 1972

ልጄ፣

እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ፣ ካለህ።

ምንም አልመጣም። ሄልጋ ከሩቅ ስታየኝ ገና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ደረጃውን እንዳልወጣ ብላ። ፋብሪካችሁ ስልክ ደወለችልኝ፣ ይጮሃል ይጮሃል የሚያነሳ የለም፤ ለካ ጸሐፊዎቹም እረፍት ናቸው። ትናንት ፖሊስ በብስክሌት በደጄ ሲያልፍ መንሹን ጥዬ ቆምኩ። ወደ እኔ አልነበረም። እሱም ደንግጦ፣ “ምነው እማማ ሳይሚ?” አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

ሣሩ ታጭዶ ገብቷል። ቅዳሜ ሳውናውን አላሞቅኩትም። በዚህ ቤት ቅዳሜ ጭስ ሳይታይ ስለቀረ ጎረቤቶቹ ሞተች እንዴ ብለው ሊያዩኝ መጡ።

ብትቀየመኝም ጻፍ። ስድብም ቢሆን ጻፍ።

ሳይሚ


ኤስኪልስቱና፣ ሆስፒታል
ጁላይ 31 ቀን 1972

ለተወደድሽው አክስቴ ሳይሚ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስሽ። በሕይወት አለሁ። ይሄን ያስቀደምኩት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

ቴሌግራምሽ ሲደርስ ማደሪያው በሳቅ ፈረሰ። በጁላይ ሐሩር “ከበረደህ ውረድ”! ኦላቪ ወስዶ ከባልዲው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ አንዱ መደቡ ላይ በወጣ ቁጥር ከታች “ከበረደህ ውረድ!” ይባልለታል። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም። ስለ አሬራው የጻፍሽውንም አንብቤ ኪሴ ከትቼው ነበር።

ረጅሙ ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰ። ለብቻዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ምሳ ላይ ስለ ካል የሚለውን ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ኦላቪ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ “እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠላ አልነበረም?” አለ። ማንም አልሳቀም። ሴደርሉንድ ጥግ ላይ ብቻውን ዳቦውን ይበላ ነበር። ሄጄ አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ፣ አፈርኩ። ገፍትሬዋለሁ እኮ።

ታዲያ በማግስቱ ለምን መደቡ ላይ ወጣህ ትዪኝ ይሆናል። ተራዬ ነበር፣ ሰውም አልነበረም፣ ዛሬን ብቻ አልኩ። የሆነውን ኦላቪ ነው የነገረኝ፣ እኔ አላስታውሰውም። ወደ ምድጃው ዞሬ ቆሜ መንጠቆውን አየር ላይ እየጎተትኩ ነበር አለኝ።

“እንደ ልማዴ ‘ራይሞ፣ ከበረደህ ውረድ!’ ብዬ ቀለድኩብህ። ዞር አልክና ‘በሩን ዝጋው፣ እንፋሎቱ ያልቃል፣ አክስቴ ትቆጣለች’ አልከኝ። ክንድህን ሳየው የተነጨ ዶሮ ነው። ደሜ ደረቀ።”

በቀበቶዬ ሲይዘኝ መንጠቆውን ሰንዝሬበት ግንባሩን ሳትኩት። ኦላቪ፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለው ሰው፣ ያኔ የመጣለት አንድ ቃል ብቻ ነበር። “ሴደርሉንድ! ካል! ካል!” እያለ ጮኸ። ጠላው አላለውም፣ በስሙ ጠራው።

ተሸክመው ግቢው ጥላ ሥር አስተኙኝ። ካፖርቴን በቢላ ቀደዱት፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑኝ፣ ኦላቪ በቆርቆሮ ክዳን እያራገበልኝ ያለቅስ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ላብ ነው አላለም። መጀመሪያ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። እግሬ ሴደርሉንድ ጉልበት ላይ ነበር። ጎንበስ አለና “ካል?” አለኝ።

“ያ” አልኩት። “ካል።”

ቀና ብሎ ፊቱን አዞረ። ስሜን ደጋግሞ አስጠራኝ፤ በትክክል ስጠራው ነው የጨው ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያስጎነጨኝ። ከዚያ አምቡላንስ መጣ።

እዚህ ክፍሉን የምታጸዳ የአገራችን፣ የኦውሉ ሴትዮ አለች፣ ሐኪሙ የሚለውን የምትነግረኝ እሷ ናት። ትንሽ ቆይተው ቢያወርዱህ ኖሮ አናገኝህም ነበር ብሏል። ለብዙ ሳምንት እሳት ፊት እንዳልቆም፣ ሙቀቱ አንዴ ስላገኘኝ ከእንግዲህ መንገዱን ያውቀዋል አለኝ። ወይ እሱ እንደዚያ አለ፣ ወይ ሴትዮዋ እንደዚያ ተረጎመችው።

ኦላቪ ትናንት ሊጠይቀኝ መጣ። አሁን ላይኛው መደብ ላይ ማንም ብዙ አይቆምም፣ ይቀያየራሉ፣ ባልዲውም ባዶ ነው የሚያድረው። ከሥር ቆሞ “ካል?” እያለ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ የሳቀበት ካለ ያን ቴሌግራም ያስነብበዋል። የመዳብ ጭልፋም ገዝቶልሽ መጥቷል። “ለሴትዮዋ ስጣት፣ በጣም እፈራታለሁ በላት” ብሏል።

በወሩ አጋማሽ ይለቁኛል፣ ቀጥታ ወደ አንቺ ነኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሳውናውን ለእኔ ብለሽ አታሙቂ። ይሄ ቃል ከእኔ ብዕር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ስጽፈውም እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን መንጠቆው አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

ልጅሽ ራይሞ


ኑርሜስ
ኦገስት 6 ቀን 1972

ለልጄ ለራይሞ፣

ከእሳት ያወጣህ ጌታ ስሙ ይመስገን። ሴደርሉንድንም ይባርከው፤ እግርህን የተሸከመበት ጉልበቱ አይዛል። ሄልጋ ፖስታውን ከፍ አድርጋ እያውለበለበች እስከ መንገዱ ድረስ ሮጣ መጣችልኝ፣ የፖስታ ቤቱን በር እንኳ አልዘጋችም። “በሕይወት አለሁ” የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ቀሪውን የቀጠልኩት በማግስቱ ነው። ለኦላቪ፣ እኔን መፍራቱ ደግ ነው፣ ጭልፋው ግን ተቀባይነት አግኝቷል በለው። ለሴደርሉንድ የእግር ሹራብ እየሠራሁለት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ብርድ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ካልሲ ይገባዋል።

ሳውናውን አታሙቂ ያልከው ግን አይሆንም። የመጣህ ቅዳሜ አሞቀዋለሁ። ለአንተ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ሰባ ያለፈኝ ሴት ነኝ፣ ጉልበቴ እንፋሎት ይፈልጋል፣ አዲሱንም ጭልፋ መሞከር አለብኝ። አንተ አትገባም። ጥላ ያለው የውጪው ደረጃ ላይ አሬራህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ማንሲኪም ሁለቱን ሰላምታህን ልትቀበል እዚያው ትሆናለች።

ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ በር ቆሜ ሰው ስጠይቅ፣ ማንም እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን አንተ ትጠይቀኛለህ። በየጊዜው በሩን ገርበብ አድርገህ፣ “በረደሽ?” ትለኛለህ። እኔም እውነቱን እመልስልሃለሁ።

ከበረደኝ እወርዳለሁ። እንዳትስቅ።

አክስትህ ሳይሚ